ፈረቃ የሌለው ጠዋት

«ቶሎ በይ እማ! ደወሉ ሊደወል ነው እኮ!»

ኮከብ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ ጀርባዋ ላይ የሚንፈራገጠውን ወንድሟን እያባበለች ትጣራለች። የአምስት ዓመቷ እህቷ ትሕትና ቀሚሷን ጨብጣ ጭቃው ላይ በአንድ እግሯ ትዘላለች። የጠዋት ፈረቃ ተማሪዎች እየተገፋፉ ሲወጡ እናታቸው ጌታነሽ ከመሀል ብቅ አለች። ከተማሪዎቹ የምትለየው በዕድሜዋ ብቻ አልነበረም። ሌሎቹ ደብተራቸውን ታቅፈው እየተሳሳቁ ይወጣሉ፤ እሷ ግን ገና ከበሩ ሳትደርስ የሹራቧን ቁልፍ እየፈታች ትመጣለች።

ሰማያዊው ሹራብ የትምህርት ቤቱ የደንብ ልብስ ነው። ቤታቸው ውስጥ ያለው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ጌታነሽ ሹራቡን አውልቃ ሰጠች፤ ኮከብም አንቀልባውን ፈትታ ሕፃኑን አቀበለች። መስከረም ላይ ይህን ልውውጥ ሲያዩ የግቢው ልጆች በሳቅ ይፈርሱ ነበር። ሰኔ ሲገባ ግን ዞር ብሎ የሚያያቸው እንኳ ጠፋ።

«በላልሽ?» አለች ጌታነሽ፣ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ጡቷን እያወጣች።

«በሶ በጥብጬ ሰጠሁት፤ ፊቴ ላይ ተፋው።»

«ትሕትናስ?»

«እሷማ የእሱንም ጨረሰችለት።»

ጌታነሽ ልትስቅ ፈለገች፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ማዛጋት ሆኖ ቀረ። ኮከብም አዛጋች። ትሕትና ሁለቱንም አየችና እሷም ሳይመጣባት አፏን ከፈተች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጌታነሽ ከስምንተኛ ክፍል የቀረችው የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት፣ ፈተናው ደረስኩ ደረስኩ ሲል ነው። ዳሯት። ከዚያ ኮከብን ወለደች፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ትሕትናን፣ ቀጥሎም ገና ዓመት ያልሞላውን ወዳጆን። ባሏ ወንድምአገኝ ደብረ ብርሃን ግንባታ ላይ ስለሚሠራ ቤት የሚገኘው በበዓል በበዓል ነው። ባለፈው መስከረም ታዲያ ጌታነሽ ብድግ ብላ «እጨርሰዋለሁ» አለች። በከተማቸው በሞላሌ የማታው ትምህርት ቆሟል፤ በቀን ልማር ብትል ደግሞ ልጁን የሚይዝ የለም። ርዕሰ መምህሩ ጥቂት አሰቡና መላ አመጡ። እናትን ጠዋት በሚማረው በስምንተኛ «ሀ»፣ ልጅን ከሰዓት በሚማረው በስምንተኛ «ለ» መደቧቸው።

ከዚያ ወዲህ ወዳጆ ሁለት ጀርባ ብቻ ያውቃል፤ ጠዋት የእህቱን፣ ከሰዓት የእናቱን። ሌላ ሰው ሊያቅፈው ሲሞክር ሰፈሩን በጩኸት ይቀውጠዋል። ኮከብ ከዚህ ሁሉ በኋላ ክፍል ስትገባ ወንበሩ አልጋ ይመስላታል። በተለይ ከምሳ በኋላ ያለው የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ፣ ስለ ወንዞች ሲወራ፣ እሷም አብራ ትፈስ ነበር።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ግን እንቅልፏን የሚያባርር ነገር መጣ። የክፍል ኃላፊያቸው መምህር ቴዎፍሎስ እጃቸው ላይ ያለውን የጠመኔ ብናኝ እያራገፉ፣ «የሚኒስትሪ ፈተናው ቀን ታውቋል» አሉ። «በሚመጣው ሳምንት ይጀመራል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ሁላችሁም እዚህ። ‹ሀ›ም ‹ለ›ም በአንድ ላይ ነው የምትፈተኑት። ፈረቃ ምናምን የለም፤ ‹እኔ የከሰዓት ነኝ› ብሎ ምሳውን በልቶ የሚመጣ ቢኖር በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል።»

ክፍሉ ሳቀ። ኮከብም ከሰው ጋር ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ነገሩ ገባት። በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ሰዓት። ታዲያ ወዳጆን ማን ሊይዘው ነው?

ዓመቱን ሙሉ ማንም ይህን አላሰበም። እሷም፣ እናቷም፣ ያን የመሰለ መላ ያመጡት ርዕሰ መምህርም። ፈረቃው እንደ ቀንና ሌሊት ሁልጊዜ የሚኖር መስሏቸው ነበር።

ቤት ስትደርስ ጌታነሽ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የበግ ፀጉር ትፈትላለች። ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሠሩት ሸማኔዎች ነው የምትፈትለው፤ እንዝርቷ ሲሾር ከንፈሯም አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ መጽሐፏ ከፊቷ ተዘርግቶ ነፋስ እንዳይገልጠው ድንጋይ ተጭኖበታል። ዛሬ ግን ከንፈሯ ዝም ብሏል። እሷም ሰምታለች ማለት ነው።

«እማ...»

«ሰማሁ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«አንቺ ጥናትሽን አጥኚ። መላ አይጠፋውም።»

መላውን ግን አንድ በአንድ ፈልገው አጡት። ጎረቤቶቻቸው ለእርሻው ወደ ገጠር ወጥተዋል። ወንድምአገኝ ሥራውን ጥሎ ቢመጣ ተመልሶ አያገኘውም። ወዳጆ ደግሞ ከእናቱና ከእህቱ በቀር የማንም እጅ ላይ አይቆይም። አንድ ሰው ብቻ ቀርቶ ነበር። መጨረሻ ላይ ኮከብ ቀስ ብላ፣ «እማማ ጥሩሸዋስ?» አለች።

የጌታነሽ እንዝርት ቆመ። «እሳቸውን ተያቸው።»

እማማ ጥሩሸዋ የወንድምአገኝ እናት ናቸው። ከቤታቸው እስከ እሳቸው ቤት ድምፅ ከፍ አድርጎ የተጣራ ሰው ይሰማል። ነገር ግን ከመስከረም ወዲህ አማትና ምራት አንዳቸው የሌላቸውን ደጃፍ አልረገጡም። ጌታነሽ ትምህርት ቤት መመዝገቧን ለአማቷ ሳትነግር ቀርታ፣ እሳቸው ወሬውን የሰሙት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ከሰው አፍ ነው። በቀጥታ ወደ ልጃቸው ቤት መጡና፣ «የጡት ልጅ ይዞ ከሕፃናት ጋር ሰልፍ! የእኛን ቤት መሳቂያ ልታደርጊው ነው?» አሉ። ጌታነሽም፣ በሕይወቷ አንድ ጊዜ፣ «ያኔ ብታስጨርሱኝ ኖሮ ዛሬ ከሕፃናት ጋር አልሰለፍም ነበር!» ብላ መለሰችላቸው። ከዚያ በኋላ የሁለቱን ሰላምታ የምታመላልሰው ኮከብ ሆነች፤ እሱም በዓል ሲሆን ብቻ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ጌታነሽ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ፊቷ ፈካ ብሎ ነበር፤ ወይም ፈካ እንዲል አድርጋው ነበር። ሹራቡን እያወለቀች፣ «ተገላገልን» አለች። «መምህሩን ጠየቅሁ። ለእኛ ለትልልቆቹ ለብቻ ክረምት ላይ ፈተና አለ አሉኝ።»

«እውነት?»

«እውነት ነዋ። እንዲያውም ማጥኛ ጊዜ አገኘሁ። ሹራቡን አንቺ ትለብሽዋለሽ፣ እኔ ወዳጆን እይዛለሁ። በቃ።»

የኮከብ የመጀመሪያ ስሜቷ ደስታ ነበር። እንዴት ያለ ደስታ! ከትከሻዋ ላይ አንድ ኩንታል የወረደላት ያህል ነው የቀለላት። እናቷ ዓይኗን ሳታያት ማውራቷን አይታ ነበር፤ ግን አላየሁም አለች። የደከመው ሰው እረፍት ሲሰጡት ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም፤ እሷም አልጠየቀችም። እስከ ፈተናው ዋዜማ ድረስ ጥናቷን ስታጠና ሰነበተች።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ እናቷ ሻማ እንድትገዛ ላከቻት። የጓደኛዋ የኢኽላስ እናት ሱቅ አውራ መንገዱ ላይ ነው። ኢኽላስ ከቆላ ወጥተው ሞላሌ ላይ ንግድ ከጀመሩ ቤተሰቦች የተወለደች፣ አፏ የማያርፍ ልጅ ናት። የምትማረው «ሀ» ክፍል፣ ከጌታነሽ ጋር ነው፤ የክፍሉ ልጆች ጌታነሽን «ማዘር» ነው የሚሏት፣ መጀመሪያ ለማላገጥ፣ ኋላ ግን ከልባቸው።

«ስሚ ኮኪ» አለች ኢኽላስ ሻማውን በጋዜጣ እየጠቀለለች፣ «ማዘር ግን ለምን ተወችው? አቦ በጣም ነው ያናደደኝ።»

«ምኑን?»

«ፈተናውን ነዋ!»

«አልተወችውም። የትልልቆቹ ክረምት ላይ ነው።»

ኢኽላስ መጠቅለሉን አቆመች። «የምን ክረምት? እኔ እኮ ነበርኩ። መምህር ቴዎፍሎስ የመፈተኛ ካርድ ሲያድሉ የእሷን መልሳ ሰጠቻቸው። ‹ልጄ እንድትፈተን ነው፤ እኔ ከርሜያለሁ፣ ደግሞም እከርማለሁ› አለቻቸው። እሳቸው ደግሞ ‹ካርዱ እኔ ጋ ይቆያል፤ ሐሳብሽን ከቀየርሽ ጠዋት ነይ› አሏት። አልነገረችሽም እንዴ?» ወዲያው የሠራችው ነገር ገባትና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወላሂ የምታውቂ መስሎኝ ነው።»

ኮከብ መጀመሪያ የተናደደችው በኢኽላስ ነው። ምን አስለፈለፋት? ባትነግራት ኖሮ ነገ ጠዋት ሹራቧን ለብሳ፣ እንቅልፏን ጠግባ ተነስታ፣ ገብታ ትፈተን ነበር። አሁንም ቢሆን ማንም አያስገድዳት። ያልሰማ ሰው መምሰል ይቻላል። እናቷ ራሷ የመረጠችው ነገር አይደል? ይህንን እያሰበች ሻማውን ይዛ ወጣች፤ ይህንን በማሰቧ ደግሞ ራሷን ጠላችው።

እግሯ ወደ ቤት አልወሰዳትም። በቤተ ክርስቲያኑ ጎን ባለው ቁልቁለት ወርዳ እማማ ጥሩሸዋ ቤት ደረሰች።

እማማ ጥሩሸዋ የድንጋይ ካቡን ተደግፈው በሰፌድ ገብስ ያበጥራሉ። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መስቀለኛ አስረዋል። ኮከብን ሲያዩ ዓይናቸው ወደ ጀርባዋ ሄደ።

«ምነው ብቻሽን? ጌታውስ?»

ጌታው ማለት ወዳጆ ነው። ሕፃኑ ስሙ የወጣለት በሟቹ ባላቸው በአያ ወዳጆ ነው። እማማ ጥሩሸዋ ደግሞ ባላቸውን በቁም ሳሉም በስም ጠርተዋቸው አያውቁም፤ በእሳቸው ዘመን ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። ስለዚህ ገና መራመድ ያልቻለውን ልጅ «ጌታው» ይሉታል፤ በዚያ ላይ አንቱ ነው የሚሉት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኮከብ ትስቅ ነበር።

«ደኅና ነው እማማ። ነገ ፈተና አለብን።»

«ይቅናሽ፤ ማርያም ትርዳሽ።»

«እማም አለባት።»

ሰፌዱ አንዴ ከፍ ብሎ ወረደ። «እና?»

«ሰዓታችን አንድ ሆነ። ወዳጆን የሚይዝልን ሰው አጣን።»

«እናትሽ ናት የላከችሽ?»

እዚህ ላይ አንዲት «አዎ» ብትበቃ ነበር። ኮከብም አውቃዋለች። እማማ ጥሩሸዋ ዘጠኝ ወር ሙሉ የጠበቁት ያችን «አዎ» ነው። ግን ቤት ውስጥ አንድ ውሸት አለ፤ ሁለተኛ ለመጨመር አቅም አልነበራትም።

«አይ፤ አታውቅም።»

«እንግዲያው እሷ ትምጣ» አሉ እማማ ጥሩሸዋ። «አፍ አላት፤ ያውም የተሳለ። እኔ ላይ ስትከፍተው አይቼዋለሁ።»

«አትመጣም እማማ።»

«ካልመጣች ቀረ! እኔ የልጄን ሚስት እግር ልስም?» ገብሱን አነሱ አነሱና መልሰው ጣሉት። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «‹ያኔ ከትምህርቴ ያስቀሩኝ እሳቸው ናቸው› ትላለች አይደል?»

«ትላለች ማለት... አታወራም።»

«የሠርጉን ቀን የቆረጡት ወንዶቹ ናቸው። እኔን ማን ጠየቀኝ? እኔንስ ስዳር ማን ጠየቀኝ? ቢጠይቁኝ ግን...» ቢጠይቋቸው ምን ይሉ እንደነበር አልጨረሱትም። እጃቸው ፈጥኖ ፈጥኖ ሲያበጥር ገለባው ከፍሬው ጋር መሬት ላይ ይበተን ጀመር። «ሂጂ በይ፤ ዝናብ ሳይዝሽ።»

ኮከብ አቀበቱን ስትወጣ እንባ እንባ አላት። የዋሸችላትን እናቷን ለማስፈተን አያቷን ትለምናለች፤ አያቷን ለማስደሰት እናቷን ማስለመን አለባት። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተኳርፈው፣ መሀላቸው ላይ ወጥታ የምትወርደው እሷ ናት። ሰለቻት። እውነቱን ለመናገር፣ ከፈተናውም ይልቅ ይኼ ነው የሰለቻት።

ቤት ስትገባ ትሕትና መደቡ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ጌታነሽ ምሰሶውን ተደግፋ ወዳጆን ታጠባለች። ሰውነቷ ዝሏል፤ ጭንቅላቷ ወደ ደረቷ ዘንበል እያለ ይመለሳል። በሌላ እጇ ግን የሳይንስ መጽሐፉን ወደ በሩ ብርሃን ዘርግታ ይዛለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ኮከብ ደፉ ላይ ቆመች። ነገ ለማትፈተነው ፈተና ምን ያስጠናታል?

«እማ፣ ምን ታነቢያለሽ?»

ጌታነሽ ደንገጥ ብላ መጽሐፉን አጠፈችው። «ምንም። እንዳልረሳው ብዬ ነው። ክረምት ሩቅ አይደለም እኮ።» ፈገግ አለች። «ነይ እራትሽን ብይና ተኚ። ነገ ጭንቅላትሽ ንጹሕ መሆን አለበት።»

ኮከብ «ሰምቻለሁ» ልትላት አፏን ከፈተች። ብትነግራት ጌታነሽ ምን እንደምትል አወቀች፤ «አንቺ ትቅደሚ» ትላለች፤ ከዚያ ይከራከራሉ፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ መጨረሻ ላይ የምታሸንፈው እናት ናት። ስለዚህ ሽሮዋን በላች። ተኛች።

ጠዋት ከተማዋን ጉም ውጧታል። ጌታነሽ ጀሪካኗን አዝላ ወደ ቦኖው እንደወጣች ኮከብ ፊቷን ታጥባ፣ ሹራቧን ለብሳ፣ ወዳጆን በአንቀልባው አዘለችው። ትሕትናን በእንቅልፍ ልቧ እየጎተተች ቁልቁለቱን ወረደች።

እማማ ጥሩሸዋ ከኪዳን ተመልሰው ገና በራቸውን መክፈታቸው ነበር።

«ደግሞ መጣሽ?»

«መጣሁ እማማ።» ኮከብ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ማንም አልላከኝም። እማ አሁንም አታውቅም። የእሷን ጠብ እኔ ልታረቅላት አልችልም፤ የእርስዎንም አልችልም። ግን ዓመቱን ሙሉ እሱን አዝዬ ነው የተማርኩት፤ እሷም እንደዚያው። ዛሬ በሁለታችንም ፈንታ እርስዎ ይያዙልን። ለእኔ ብለው።»

አንቀልባውን ፈታችና ወዳጆን አያቱ እጅ ላይ አኖረችው። ሕፃኑ የአሮጊቷን ፊት ለቅጽበት አጠናው፤ ከዚያ አፉን እስከ ጆሮው ከፍቶ ጩኸቱን ለቀቀው።

እማማ ጥሩሸዋ ልጁን አልመለሱትም። ፊታቸውን አኮሳትረው ነጠላቸውን ከትከሻቸው ፈቱ።

«ምን አገኘዎት ጌታው? ሰው አይደለሁም እንዴ?» አሉት። ከዚያ ወደ ኮከብ ሳያዩ፣ «ሂጂ። እናትሽም እንዳይረፍድባት ንገሪያት» አሉ። «ግን አልታረቅኋትም!»

«እሺ እማማ።»

ኮከብ አቀበቱን ሩጫ ወጣች። ጌታነሽን ያገኘቻት መንገድ ላይ ነው፤ ውሃውን እንዳዘለች፣ ጎንበስ ብላ ስትመጣ። ጌታነሽ መጀመሪያ ያየችው የልጇን ባዶ ጀርባ ነው።

«ወዳጆስ?»

«እማማ ጥሩሸዋ ጋ ነው። ትሕትናም እዚያ ናት።»

ጀሪካኑ መሬት ላይ ወረደ። «ምን አልሽ? ማን ፈቀደልሽ? እሳቸው እኔን...» ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የወዳጆ ጩኸት ይሰማል። ጌታነሽ ወደዚያ ሁለት እርምጃ ተራመደች። ጡቷ ልጁን ሰምቶ የቀሚሷን ደረት ማርጠብ ጀምሯል።

ኮከብ ጀሪካኑ ላይ ቁጭ አለች።

«ሂጂ አምጪው» አለች። «አልከለክልሽም። ግን አንቺ ካልገባሽ እኔም አልገባም። እዚህ ነው የምቀመጠው።»

«ኮከብ! አታሳብጂኝ፣ ሰዓት እኮ እየሄደ ነው!»

«የክረምት ፈተና የሚባል የለም። ኢኽላስ ነግራኛለች። ካርድሽ መምህር ቴዎፍሎስ ጋ ነው።»

ጌታነሽ የያዘችው ቁጣ በአንድ ጊዜ ከፊቷ ወረደ። የቀረው ድካም ብቻ ነበር፤ ኮከብ ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ስታየው የከረመችው፣ ግን እንዲህ ራቁቱን አይታው የማታውቀው ድካም።

«ለአንቺ ብዬ ነው የዋሸሁሽ» አለች።

«አውቃለሁ። ለእኔ ብለሽ አትዋሺ። ለእኔ ብለሽ ተፈተኚ።»

«ብወድቅስ?»

«ውደቂያ! እኔም ልወድቅ እችላለሁ።» ኮከብ ሳታስበው ድምፅዋ ሻከረ። «ጂኦግራፊማ ግማሹን ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት።»

ጌታነሽ ወደ ታች አየች፤ ወደ ልጇ አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የልጇን ክንድ ይዛ ከጀሪካኑ ላይ አነሳቻት። ጀሪካኑን አጥሩ ሥር አስጠጋችው። ነጠላዋን ደረቷ ላይ ደርባ አጠበቀችና ፈጠን ፈጠን እያለች ትሄድ ጀመር። ኮከብ እኩል ለመሄድ መሮጥ ነበረባት።

መምህር ቴዎፍሎስ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ጌታነሽን ሲያዩ ስለ ሹራብም ስለ መዘግየትም አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ካርዱን አወጡ።

ፈተናው ክፍል ውስጥ የተቀመጡት በፊደል ተራ ነው። ኮከብ በመስኮቱ በኩል፣ ከኋላ፤ ጌታነሽ በቀጣዩ ረድፍ፣ ከፊት። ኢኽላስ ከበሩ አጠገብ ሆና አውራ ጣቷን ብድግ አደረገችላቸው። ወረቀቱ ተገልብጦ ታደለ። ከሌላ ትምህርት ቤት የመጡት ፈታኝ «ጀምሩ!» ሲሉ የሃምሳ ልጅ ወረቀት በአንድ ላይ ተንኮሻኮሸ።

ኮከብ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሳለች ከውጭ ልጅ አለቀሰ።

ወዳጆ ነው። ከሺህ ሕፃን መሀል ትለየዋለች። እርሳሷ ቆመ፤ እግሯ ከእሷ ቀድሞ ሊነሳ ተዘጋጀ። ከፊት የእናቷ ትከሻ ሲገተር አየችው። በመስኮቱ ተመለከተች። ጉሙ ሳሳ ብሏል። ከአጥሩ ማዶ እማማ ጥሩሸዋ ወዳጆን በነጠላቸው ጀርባቸው ላይ አስረው ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ ትሕትና ከኋላቸው ትከተላለች። ማንም ወደ ትምህርት ቤቱ ኑ አላላቸውም። ልጁ እናቱን ሲፈልግ ቅርብ እንዲሆን ብለው ይሆናል፤ ወይም ሌላ ምክንያት ይኖራቸዋል። አሮጊቷ ጎንበስ ቀና እያሉ አንድ ነገር ያወሩታል። ልቅሶው ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ደግሞ ከፍ ይላል።

ጌታነሽ ከነበረችበት ቦታ መስኮቱ አይታይም። ዞረች። ዓይኗ ኮከብን ፈለገ፤ ፊቷ እንዳለ ጥያቄ ነበር። ከወንበሯ ግማሽ ተነስታለች።

«እናት፣ ወደ ፊት!» አሉ ፈታኙ።

ኮከብ እናቷን አየቻት። ሳትቸኩል፣ አንድ ጊዜ፣ ራሷን ወደ ጎን ነቀነቀች። ተቀመጪ።

ጌታነሽ ለአፍታ እንደዚያው ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠች፣ ፊቷን አዞረች፣ ጀርባዋም ወረቀቷ ላይ ጎበጠ። ውጭ ልጁ አሁንም ያለቅሳል። ኮከብ እርሳሷን አነሳችና ሦስተኛውን ጥያቄ ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመረች።